ሺህ ሐውልት ባለበት ደሴት የአንዱ መወሰድ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለንደን ነው። በቅርቡ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት የመጣ ግዙፍ የድንጋይ ሰው ፊት ስንቆም ልጄ ‹ማን አመጣው? ሰዎቹስ እሺ ብለው ነው?› ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። አብሮን የነበረ ወዳጄ ደግሞ ‹እዚያ ደሴት ላይ እንዲህ ያለው ሐውልት ወደ ሺህ ይጠጋል፤ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል? እዚያ ቢቀር ኖሮ ፀሐይና ዝናብ ይጨርሰው ነበር› አለ። የድንጋይ ቅርስ ጥበቃ ባለሙያ እንደመሆንዎ ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦

የልጅዎ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ሐውልቱን ከደሴቱ ያወጡት ቶፓዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የመጡ መርከበኞች ናቸው፤ ጊዜውም ኖቬምበር 1868 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ሰዎቹስ እሺ ብለው ነው?» ለሚለው ግን ሰዎቹ በዚያ ዘመን የነበሩበትን መከራ ሳልነግርዎ ብመልስ ልጁን ማሳሳት ይሆንብኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የወዳጅዎን ክርክር በተመለከተ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በደሴቱ ወደ ሺህ የሚጠጉ ሐውልቶች አሉ። ነገር ግን መርከበኞቹ የወሰዱት ሐውልት በዚያ ጊዜ የነበረበት ሁኔታ ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ይህን ያልተረዳ ሰው «ከሺህ አንዱ» ቢል አልፈርድበትም።

ሐውልቱ ስም አለው፤ ሆዋ ሃካናናይአ ይባላል። «ሆዋ» ወዳጅ ማለት ሲሆን ሙሉ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ «የጠፋው ወዳጅ» ወይም «የተሰረቀው ወዳጅ» ተብሎ ይተረጎማል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4 ቶን ያህል ነው። የመጣበትን ደሴት ሕዝቡ ራፓ ኑይ ይለዋል፤ ሕዝቡም ቋንቋውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። «የፋሲካ ደሴት» የሚለው የአውሮፓውያን ስም ነው፤ ሆላንዳዊው ያኮብ ሮግቬን በ1722 የደረሰበት ዕለት ፋሲካ ስለነበረ እንዲያ አሉት። ደሴቱ ዛሬ በቺሊ ሥር ነው፤ ከቺሊ የባሕር ዳርቻ ግን ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስፋቱ 164 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከምዕራብ በታንኳ የመጡ የፖሊኔዥያ ሰዎች ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ሰፈሩበት፤ በተከታዮቹ ጥቂት መቶ ዓመታት ሞአይ የሚሏቸውን እነዚህን ሐውልቶች ጠረቡ።

ሞአይ የአባት ምስል ነው። አንድ የጎሳ አለቃ ወይም የተከበረ አባት ሲሞት ልጆቹ ፊቱን በድንጋይ ያቆሙታል። አብዛኞቹ የወጡት ራኖ ራራኩ ከሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ ካባ ሲሆን፣ ድንጋዩ አመድ ተጠቅጥቆ የጠጠረ በመሆኑ ለጠራቢ እጅ የሚገራ ነው። ብረት አያውቁም ነበር፤ ቶኪ በሚሉት ጠንካራ የድንጋይ መጥረቢያ እየቀጠቀጡ ነው የሚያወጡት። ሐውልቱ በጀርባው እንደተኛ ፊቱን፣ ደረቱንና እጆቹን ይጨርሱለታል፤ ከዚያ ከተራራው ጋር ያያያዘውን ከጀርባው ሥር የቀረ ቀጭን ድንጋይ ይቆርጡና በቁልቁለቱ ላይ ያንሸራትቱታል፤ በመጨረሻም ጉድጓድ ውስጥ አቁመው ጀርባውን ያለሰልሱታል። ካባውን ያየ ሰው ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው የሚመለሱ ይመስለዋል። ወደ 400 የሚጠጉ ሐውልቶች እዚያው ቀርተዋል፤ አንዳንዱ እስከ አንገቱ አፈር ውጦታል፣ አንዳንዱ ከዓለቱ ውስጥ አፍንጫው ብቻ ወጥቷል። ከሁሉ የሚበልጠው 21 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ከተራራው ሳይላቀቅ እንደተኛ ነው።

እንዴት አጓጓዟቸው የሚለው ብዙ ያከራከረ ነገር ነው። የደሴቱ ሰዎች ሲጠየቁ «እየተራመዱ ሄዱ» ይሉ ነበር፤ ሰሚዎቹም እንደ ተረት ቆጠሩት። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ተመራማሪዎች ሃዋይ ውስጥ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን አምሳያ ሠርተው ራሱን በገመድ ግራና ቀኝ፣ አንድ ገመድ ደግሞ ከኋላ አስረው ሞከሩት። 18 ሰዎች ብቻ ሐውልቱን እያወዛወዙ እንደቆመ አራመዱት። የአያቶችን ቃል ተረት ብሎ ለመጣል መቸኮል እንደማይገባ እኔ ከዚያ ሙከራ ነው የተማርሁት።

ሐውልቱ መንደር ደርሶ አሁ በሚባለው የድንጋይ መደብ ላይ ከቆመ በኋላ ነው ዓይን የሚገባለት። ዓይኑ ከነጭ ኮራል ይሠራል፤ ብሌኑ ቀይ ወይም ጥቁር ድንጋይ ነው። በ1978 አናኬና በተባለው ዳርቻ አንድ የኮራል ዓይን ከአሸዋ ውስጥ እስኪገኝ ድረስ የውጭው ዓለም ሞአይን የሚያውቀው ባዶ የዓይን ጉድጓድ ይዞ ነበር። መደብ ላይ የሚቆሙት ከጥቂቶች በቀር ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው መንደሩን ይመለከታሉ፤ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። ማና የሚሉት ኃይል ያደረባቸው ስለሆኑ ሕዝቡ «ሕያው ፊቶች» ይላቸዋል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ክርክር ልመለስ። ሮግቬን በ1722 ሲደርስ ሐውልቶቹ በየመደባቸው ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶና መቶ ሃያ ዓመታት በጎሳዎች ጠብ፣ ምናልባትም በመሬት መንቀጥቀጥ ጭምር፣ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ብዙዎቹ በግንባራቸው ተደፍተው ቀሩ። ቶፓዝ በደረሰችበት ዓመት በመደቡ ላይ የቆመ ሞአይ አልነበረም። ዛሬ በፎቶግራፍ የምናያቸው፣ ተሰልፈው የቆሙት ሁሉ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ከወደቁበት የተነሡ ናቸው። ቶንጋሪኪ በተባለው ቦታ ያሉት 15 ሐውልቶች እንኳ በ1960 የባሕር ማዕበል ጠርጎ ወደ ውስጥ በትኗቸው ነበር፤ በ1990ዎቹ ነው በክሬን ተነሥተው የቆሙት።

ሆዋ ሃካናናይአ ግን በ1868 ቆሞ ነበር፤ ያውም ቤት ውስጥ። ራኖ ካው በሚባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ከንፈር ላይ፣ ከባሕሩ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ኦሮንጎ የተባለ የሥርዓት መንደር አለ። ቤቶቹ ከስስ የድንጋይ ሰሌዳ የተደራረቡ፣ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ሰው የሚገባባቸው በደረቱ እየተሳበ ነው። ሐውልቱ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ውስጥ እስከ ደረቱ ተቀብሮ ይኖር ነበር። ድንጋዩም እንደ ብዙዎቹ የአመድ ድንጋይ ሳይሆን ባዛልት የሚባለው እጅግ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በደሴቱ ከባዛልት የተጠረቡ ሞአዮች እጅግ ጥቂት ናቸው። በተማሪነቴ ባዛልትን በድንጋይ ብቻ መጥረብ ምን እንደሚመስል ለማየት ሞክሬ ነበር። ግማሽ ቀን ቀጥቅጬ ያወጣሁት ጉድጓድ የአውራ ጣቴን ጥፍር አያህልም ነበር፤ ማታ እጄ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ስለዚህ የዚያን ሐውልት የተቆለመመ ከንፈርና ረጅም ጆሮ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የጠራቢው ክንድ ነው።

ኦሮንጎ የወፍ ሰው ሥርዓት የሚካሄድበት ቦታ ነበር። የሐውልቶቹ ዘመን እየደበዘዘ ሲሄድ ደሴቱ ሌላ ሥርዓት አወጣ። በየዓመቱ ማኑታራ የምትባል የባሕር ወፍ ከዳርቻው ፊት ለፊት ባለችው ሞቱ ኑይ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ እንቁላል ልትጥል ትመጣለች። የጎሳ አለቆች የሚወክሏቸው ጎበዞች ገደሉን ወርደው፣ ሻርክ ያለበትን ባሕር ዋኝተው እዚያ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያዋን እንቁላል ያገኘው ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ሳይሰብር ተመልሶ ዋኝቶ ገደሉን ይወጣል። የላከው አለቃ ለዚያ ዓመት ታንጋታ ማኑ፣ የወፍ ሰው፣ ተብሎ ይከበራል። ሥርዓቱ የተቋረጠው በ1860ዎቹ ነው።

እንግዲህ የሆዋ ሃካናናይአን ጀርባ ይመልከቱ። ፊቱ የጥንት አባት ፊት ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሞአዮች። ጀርባው ላይ ግን ኋላ የመጡ ሰዎች የወፍ ሰውን ሥርዓት ቀረጹበት። የሰው አካል፣ የወፍ ራስና ምንቃር ያላቸው ሁለት ፍጡራን ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ ከላያቸው ትንሽ ወፍ አለች፤ በግራና ቀኝ ለሥርዓት ጭፈራ የሚያዘው መቅዘፊያ ተቀርጿል፤ ከታች በወገቡ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩት ቀለበትና መቀነት አሉ። የድሮ አባታቸውን ሳይጥሉ አዲሱን እምነት በጀርባው አሳዘሉት። ይህን ያህል የተሟላ፣ ሁለቱን ዘመን በአንድ አካል የተሸከመ ሐውልት በደሴቱ ሁሉ ሁለተኛ የለውም። ሌሎቹ አባቶች ሲወድቁ እሱን ወደ ቤት አስገብተው፣ ቀለም ቀብተው ጠበቁት። አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የተወሰደው እስከ መጨረሻው በእንክብካቤ የተያዘው ነበር።

ወደ «እሺ» ጉዳይ እንመለስ። በ1862 መጨረሻ ከፔሩ የተነሡ፣ ሰው የሚያፍሱ መርከቦች ደሴቱ ደረሱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎችን ለጉልበት ሥራ ወሰዱ። ከተወሰዱት መካከል የአለቃ ዘሮችና ሮንጎሮንጎ የሚባለውን፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚቀረጸውን ምልክት የሚያውቁ ሊቃውንት ነበሩ። ተቃውሞው ሲበረታ ፔሩ የተረፉትን ለመመለስ ተገደደች፤ እነሱም በመንገድ ላይ በፈንጣጣ አለቁ። የደሴታቸውን አፈር በሕይወት የረገጡት 15 ያህል ሲሆኑ ፈንጣጣውን ይዘው ገቡ። ሳንባ ነቀርሳም ተከተለ። በ1864 የመጣው የመጀመሪያው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ኤውዤን ኤሮ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው በኦገስት 1868 ነው፤ ቶፓዝ ከመድረሷ ከሦስት ወር በፊት መሆኑ ነው። በ1877 ደሴቱ ላይ በሕይወት የተቆጠሩት 111 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በአገራችን የሁለት ክፍል ተማሪ ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ ሕዝብ።

መርከበኞቹ ኦሮንጎ የወጡት በዚህ መሐል ነው። ሐውልቱን ከተቀበረበት ቆፍረው አወጡት፤ በገመድ ታስሮ በተራራው ጎን ሲወርድ የደሴቱ ሰዎችም አብረው እንደጎተቱ ይነገራል። «ፈቅደዋል» የሚሉ ሰዎች የሚያነሡት ማስረጃ ይህ ነው። እኔ ግን ለቅሶ ቤት ይታየኛል። ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ሬሳው ገና ሳይወጣ፣ መድፍ የያዘ እንግዳ ገብቶ «ያንን የአባታችሁን ዕቃ ስጡኝ» ቢል፣ ከሐዘንተኞቹ አንዱም ተነሥቶ ቢያሸክመው፣ ያን ፈቃድ ብሎ የሚጠራው ማነው? አለቆቻቸው የሉም፤ ሊቃውንታቸው የሉም፤ አዲስ የተጠመቁበት ሃይማኖት የድሮውን ተዉ እያላቸው ነው። ስጦታ ለመስጠት አንድ ሰው መጀመሪያ እንቢ የማለት አቅም ሊኖረው ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ባለሙያ ያንገበግበኛል። ሐውልቱ ከቤቱ ሲወጣ ቀለም ነበረው፤ ነጭና ቀይ። ከዳርቻው ወደ መርከቧ በታንኳ መሰል ማንሳፈፊያ ላይ ሲጎተት ቀለሙን ባሕሩ አጠበው። የመርከቧ ሐኪም ሊንተን ፓልመር የደሴቱን ነገር በሥዕልና በጽሑፍ መዝግቧል፤ ቀለሙን ግን ወረቀት አያስቀረውም። ዛሬ ያንን ቀለም ለማወቅ የአንዲት ጠብታ ቅንጣት ባገኝ በአጉሊ መነጽር ሥር ስንት ነገር ትነግረኝ ነበር፦ በየስንት ጊዜው እንደሚታደስ፣ ከየት አፈር እንደተወቀጠ። ወዳጅዎ «እዚያ ቢቀር ዝናብ ይጨርሰው ነበር» ሲል፣ ቤት ውስጥ ተጠልሎ የቆየውን ቀለም ያጠፋው ለማዳን ነው የተባለው ጉዞ ራሱ መሆኑን ይንገሩት።

የመርከቧ አዛዥ ሪቻርድ ፖዌል ሐውልቱን ለባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት አቀረበ፤ ጽሕፈት ቤቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ እጅ መንሻ አደረገው፤ ንግሥቲቱ በ1869 ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠችው። በዚያው ጉዞ ሞአይ ሃቫ የተባለ አነስተኛ ሐውልትም አብሮ ተወስዷል፤ እሱም የዚያው ሙዚየም ንብረት ነው። በ1872 ላ ፍሎር የተባለች የፈረንሳይ መርከብ የአንድ ሞአይ ራስ ብቻ አስቆርጣ ወሰደች፤ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1886 ተራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሆኖ የተወሰደው ዋሽንግተን አለ። ብራስልስ ያለው የመጣው በ1930ዎቹ የፈረንሳይና የቤልጂግ ጥናት ቡድን ሲመለስ ነው። ከሐውልቶቹ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የሮንጎሮንጎ ሰሌዳዎች ነገር ነው። በዓለም ላይ የተረፉት ሁለት ደርዘን ያህል ናቸው፤ ደሴቱ ላይ አንድም የለም። አንባቢዎቹን ፔሩ ወሰደች፤ የሚነበበውን ሙዚየሞች።

አሁን ሕጉን ላስረዳ። ብዙ ሰው «ለምን አይመልሱትም?» ሲል የሙዚየሙ ኃላፊዎች ልብ ድንጋይ ስለሆነ ብቻ ይመስለዋል። በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ባለአደራዎቹ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጡ ይከለክላል፤ የተፈቀዱት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፦ ዕቃው የሌላ ግልባጭ ከሆነ፣ ወይም በስብስቡ ውስጥ መቆየት የማይገባው ሆኖ ከተገኘና የተማሪዎችን ጥቅም የማይነካ ከሆነ፣ እንዲህ ያሉ። ማዋስ ግን ይፈቀዳል። ሕጉን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ደግሞ የእንግሊዝ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ «እጄ ታስሯል» ሲል ሐሰት አይናገርም፤ ገመዱ ግን በገዛ አገሩ የተፈተለ ነው።

በኖቬምበር 2018፣ ልክ 150 ዓመት ሲሞላ፣ የራፓ ኑይ ልዑካን ለንደን መጡ። የደሴቱ አስተዳዳሪ ታሪታ አላርኮን ራፑ ከሐውልቱ ጋር ከተገናኘች በኋላ እንባ እየተናነቃት ነበር ለጋዜጠኞች የተናገረችው፤ እኛ ሥጋ ብቻ ነን፣ ነፍሳችን እናንተ ዘንድ ናት የሚል ነበር ሐሳቧ። ብዙ ዓመት ይዛችሁታል፣ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ስጡን አለች። በምትኩ የሚቀመጥ አምሳያ ለመጥረብ ፈቃደኛ የሆነ የደሴቱ ጠራቢም ነበር። በ2019 የሙዚየሙ ሰዎች በተራቸው ደሴቱን ጎበኙ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የቺሊ ወጣቶች በሙዚየሙ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ «ሞአዩን መልሱ» እያሉ ስለጎረፉ ሙዚየሙ በአንዳንድ ልጥፎቹ ላይ የአስተያየት መስጫውን ዘጋ። ሐውልቱ ይህን እስክጽፍ ድረስ እዚያው ነው። እውነቱን ለመናገር በደሴቱ ውስጥም ሁሉም አንድ ሐሳብ አይደለም፤ እዚያው ይቆይና ለቀሩት ሐውልቶች ጥበቃ ገንዘብ ይስጡን ያሉ የአካባቢው ባለሥልጣንም ነበሩ። ያ ክርክር የእነሱ ነው፤ እነሱ ተከራክረው የሚወስኑበት መሆን ነበረበት።

ፀሐይና ዝናብን በተመለከተ ወዳጅዎ ግማሽ እውነት አለው። የራኖ ራራኩ ድንጋይ ደካማ ነው። ዝናብ ያጥበዋል፣ የባሕር ጨው ውስጡ ገብቶ ሲደርቅ ይፈነቅለዋል፣ በላዩ የሚበቅለው ሽበት መሰል ዕፅ ሥር ሰዶ ያላላዋል። በኦክቶበር 2022 እሳት ተነሥቶ በካባው አካባቢ ያሉትን ሐውልቶች ለብልቧል፤ በእሳት የተመታ የአመድ ድንጋይ እንደ ድሮው አይሆንም። ይህ ግን ሜዳ ላይ ስላሉት ነው። ሆዋ ሃካናናይአ ባዛልት ነው፤ ቤትም ነበረው፤ ቢመለስም ሜዳ ላይ ጣሉት የሚል ማንም የለም። ደሴቱ ላይ በአባ ሴባስቲያን ኤንግለርት ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ፤ ብሔራዊ ፓርኩንም ከ2017 ወዲህ የሚያስተዳድረው ማኡ ሄኑአ የተባለው የነባሩ ሕዝብ ማኅበር ነው። የለንደኑ ጣሪያ ደግሞ እንደሚባለው ሁሉን የሚጠብቅ አይደለም። በ2023 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ከመጋዘኑ እንደጠፉ፣ እንደተሰረቁ ወይም እንደተጎዱ የገለጸው ሙዚየሙ ራሱ ነው።

መመለስ ይቻላል ወይ ለሚለው ምሳሌ አለ። ሞአይ ታው የሚባለውን 715 ኪሎ የሚመዝን ሐውልት በ1870 የቺሊ ባሕር ኃይል ወስዶት ነበር፤ ሳንቲያጎ በሚገኘው ብሔራዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆየ። በ2022 በመርከብ ተጭኖ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ከሳንቲያጎ ሲነሣ ራፓ ኑዮች በአባቶቻቸው ወግ ሸኙት። ኦስሎ የሚገኘው ኮን ቲኪ ሙዚየምም በ1950ዎቹ ከደሴቱ የተወሰዱ ዕቃዎችንና የሰው አፅሞችን ለመመለስ በ2019 ስምምነት ፈርሟል። ከባድ ድንጋይ አይጓዝም ለሚል ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን መልሱን እናውቀዋለን። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት አለው፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 ቆመ። 4 ቶን ለዘመኑ መሣሪያ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

አክሱምን ካነሣሁ መቅደላን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ነገሩ ዝምድና ፍለጋ አይደለም፣ ዓመቱ ያው ዓመት ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን የያዘው በኤፕሪል 1868 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1860። ብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆምስ የተባለ ባለሙያውን ከጦሩ ጋር ልኮ ነበር፤ ከዘረፋው የመጡ ታቦታት ዛሬም በሙዚየሙ መጋዘን ተሸፍነው ይገኛሉ። የሙዚየሙ ባለሙያዎች ራሳቸው ገልጠው አያዩአቸውም። ሰባት ወር ቆይቶ ሆዋ ሃካናናይአ ከቤቱ ወጣ። ያው ሙዚየም፣ ያው የ1963 ሕግ። ስለዚህ ለወዳጅዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት። በኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ እያንዳንዱም ታቦት አለው። ከእነዚያ መካከል የእሱ ደብር ታቦት ቢወሰድ «ሌላ ሺህ አለ» ብሎ ይጽናናል?

ለልጅዎ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ መንገር አያስፈልግም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ፊቱ ጋ ብዙ አይቁሙ፤ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው እዚያ ነውና ይገፋችኋል። ዞራችሁ ወደ ጀርባው ሂዱ። ቅርጾቹ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲወድቅባቸው ይደበዝዛሉ፤ ከጎን ሲመጣ ግን ጎልተው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተራመዳችሁ ጥላው የሚጠልቅበትን ቦታ ፈልጉ። በ2012 ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ብርሃኑን በየአቅጣጫው እያዞሩ ዓይን የዘለለውን መስመር አወጡ። ልጁ መጀመሪያ ሁለቱን የወፍ ሰዎች ራሱ ይፈልጋቸው፤ ምንቃራቸው የሚገናኝበትን አካባቢ በጣቱ በአየር ላይ ይከተል። ከዚያ ትንሿን ወፍ ያግኛት። ሲያገኛት ድንጋዩ ድሮ ነጭና ቀይ ቀለም እንደነበረው ይንገሩት። ቀለሙ የት ሄደ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መርከቧ ቆማ ከነበረችበት እስከ ደሴቱ ዳርቻ ባለው ውኃ ውስጥ ነው የቀረው።